ለሽማግሌዎቹ የተገዛው ጫት

ኡሙሰልማ ከሚኒባስ ወንበር ጋር ከተጣላች ቆይታለች። በሳምንት ሦስት ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። የሐረጎን ተራራ ስታልፍ ጆሮዋ ይደፈናል፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ጋቢዋን ያስወልቃታል፣ ጉልበቷ ደግሞ መናኸሪያ ደርሳ ካልቆመች አይዘረጋላትም። ወጌሻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰኞ ገበያ አካባቢ የወለቀ ስትመልስ፣ የዞረ ስታቃና፣ የአራስ ወገብ ስታሽ ኖራ፣ አሁን በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የሱሰኛ ጀርባ ታሻለች። በዚህ ዕድሜዋ ታሽታ መተኛት የሚገባት እሷ ነበረች።

ሥራውን ስትጀምር ሰፈሩ አምቷታል። «ሴት ልጅ የባዳ ወንድ ጀርባ ታሽ ጀመር?» ተባለ። ያን ጊዜ የሰፈሩን አፍ የዘጉላት ሸህ ሸረፈዲን ናቸው። መስጊድ ደጃፍ ላይ ቆመው «ሕክምና ነው፤ ነውር ነው የሚል ካለ ለእኔ ይናገር!» አሉ፤ ማንም አልተናገረም። ኡሙሰልማ ይህን ውለታ አትረሳም። ብትረሳው ኖሮ ይሻላት እንደነበር የገባት በኋላ ነው።

የምትሠራበት የሱስ ማገገሚያ ዐሥራ አራት አልጋ ያለው ግቢ ነው። ሐኪሙ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ መድኃኒት የሚሰጠውም ቤቱን የሚመራውም ወንድምአገኘሁ የሚባል ነርስ ነው። ታካሚዎቹ ጠዋት አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በቀስታ መተንፈስ ይለማመዳሉ፣ ከሰዓት ተራ የደረሰው ወደ ኡሙሰልማ ክፍል ይገባል። ወንድምአገኘሁ ሲቀጥራት ቁርጡን ነግሯታል።

«እማማ፣ ማሸት ሱስ አያድንም። የእርስዎ እጅ ግን እንቅልፍ ይሰጣቸዋል። እንቅልፍ ያገኘ ሰው ለአንድ ቀን ይታገሳል።»

«አንድ ቀን ምን አላት ልጄ?»

«እዚህ ቤት ከአንድ ቀን በላይ አንቆጥርም።»

ውሸቱን ነው፤ ሁሉም ይቆጥራል። በየአልጋው ራስጌ ወረቀት ተለጥፏል፣ ሰውየው ከሱሱ የራቀበት ቀን ጠዋት ጠዋት ይጻፍበታል። ኡሙሰልማ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። በሩ አጠገብ ያለውን ወረቀት ሳታይ ወደ ደሴ ተመልሳ አታውቅም። የዚያ አልጋ ባለቤት ልጇ ሂሻም ነው።

ሂሻም የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የጅቡቲ መንገድ ረጅም ነው፤ እንቅልፍ ለማባረር ጫት፣ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፣ ከአረቄው ለመንቃት ደግሞ ሌላ ጫት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ወሰደው። አንድ ቀን መኪናውን ከነጭነቱ ገደል አፋፍ ላይ ሰቅሎት ተገኘ፤ ሥራው በዚያው አበቃ። ሚስቱ ዚክራም ልጃቸውን አዝላ ቢስቲማ ከተማ አባቷ ቤት ገባች። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም። «ዘጠና ቀን ንጹህ ሆኖ ይውጣ፣ ነርሱም ይመስክርለት። ያኔ ልጄን ራሴ ይዣት እመጣለሁ» ብለው ላኩ። ከዚያ ወዲህ የኡሙሰልማ ዕድሜ የሚቆጠረው ወደ ዘጠና ሆነ።

ይህ ልጅ ታዲያ አንድ ነገር ነፍጓታል፤ ጀርባውን። ከታካሚዎቹ ግንበኛውም መምህሩም ሸሚዛቸውን አውልቀው በጥቁር አዝሙድ ዘይት ይታሻሉ። ሂሻም ግን ተራው ሲደርስ ጎመን ሊያጠጣ ይሄዳል። «እኔን ተዪኝ፣ እማ» ይላታል። ለባዳ ስትለፋ ውላ ለሆዷ ልጅ እጇ አለመድረሱ ያንገበግባታል። ማታ ዘይት ዘይት በሚሸት እጇ ፊቷን ሸፍና ያለቀሰችበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ሰባ ስድስተኛው ቀን ዐርብ ላይ ዋለ። ከሰባ ቀን ያለፈ ሰው ከዘመዱ ጋር ለአንድ ቀን መውጣት ይፈቀድለታል። ኡሙሰልማም ወዳጃ ልታደርግለት ወሰነች። የወሎ ሰው ነገር ሲከብደው ሽማግሌዎች ሰብስቦ ዱዓ ያስደርጋል፤ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ምጥ ለጠናባት። መድኃኒቱ የሐኪሙ፣ እሽታው የእሷ፣ የቀረው የአላህ ነው ብላ አሰበች። እስከዚህ ድረስ ማን ይፈርድባታል?

ግን እሷ በምታውቀው ወዳጃ ጫት አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ጫቱን ይዘው ይመርቃሉ፣ እየቃሙ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ያለ ጫት ወዳጃ መጥራት እንግዳ ጠርቶ በር ላይ ማቆም ይሆንባታል። እናም አላህ ልጇን ከጫት እንዲያላቅቅላት ለመለመን፣ ኡሙሰልማ ዐርብ ጠዋት ወጥታ ጫት ገዛች። ለምለም ለምለሙን መርጣ፣ እንዳይጠወልግ በሙዝ ቅጠል አስጠቅልላ። የዚህን ነገር ጅልነት ዛሬ ሕፃን ልጅ ያየዋል። ያን ቀን ግን ከሰባት ሽማግሌ አንድ፣ ከጎረቤት አንድ ያየው አልነበረም። «ለሽማግሌዎቹ እኮ ነው» አለች፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ሂሻም እጆቹን ጭኑ ሥር አድርጎ በሩ ጥግ ተቀመጠ። ሸህ ሸረፈዲን ስሙን ጠርተው ዱዓ አደረጉለት፤ ቤቱ በ«አሚን» ተናወጠ፤ ኡሙሰልማ የጓዳው መጋረጃ ጥግ ሆና እንባዋን ጠረገች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷም አልገደም። ሸሁ ዱዓውን ሲጨርሱ ከጫቱ እስር አንዲት ቀንበጥ መዘዙና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«እንካ ልጄ። ዱዓው ያንተ ነው፣ በረካውም ያንተ ነው። አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል።»

ሂሻም ቀንበጡን አላየም። እናቱን አየ።

የሸሁ እጅ እንደተዘረጋ ነው። ኡሙሰልማ ያን እጅ አየች፣ መስጊድ ደጃፍ የተባለላትን አስታወሰች፣ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ጎረቤት ሁሉ አየች። እኚህ ሰው በእሷ ቤት እጃቸው ባዶውን ሊመለስ ነው? የተመረቀች አንዲት ቀንበጥ ምን ታደርጋለች? እሺ በል እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

«አሚን» አለ ሂሻም፤ ተቀበለ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጣ፤ ቅዳሜም አልመጣ፣ እሑድም አልመጣ። ገራዶ መንገድ ላይ ከሾፌሮች ጋር ሲጠጣ አየነው የሚል ወሬ ብቻ መጣ።

ሰኞ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ጋቢዋን ማውለቁንም ረሳችው። ግቢው ስትገባ ሂሻም በነርሱ ቢሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ልብሱ አረቄ አረቄ ይላል። ግን በራሱ እግር ነው የመጣው።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለ ወንድምአገኘሁ። «የቤቱን ደንብ ያውቁታል። ሰው ሰጥቶት የወደቀ ከአንድ ይጀምራል። ራሱ ፈልጎ የገዛ ግን ይሰናበታል፤ አልጋ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ሂሻም ራሴ ገዛሁ ብሎኛል።»

ኡሙሰልማ ልጇን አየችው። መሬት መሬት ያያል። እሷን ሊያድን ነው፣ ሸሁንም ሊያድን ነው። ለታካሚ ጫት ያቀረበ ዘመድ ዘጠና ቀን ግቢውን እንደማይረግጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ዝም ብትል ሥራዋም ስሟም ይተርፋል። ከመድከሟ የተነሳ ዝም ማለት አማራት፤ ይህን ለማንም አልደበቀችም፣ በኋላም ስታወራው ትናገረዋለች።

«ውሸቱን ነው» አለች። «የገዛሁት እኔ ነኝ። ዱዓ ላስደርግለት። ሸሁ ሲሰጡት እኔን አየኝ፤ ተቀበል ብዬ ራሴን የነቀነቅኩለት እኔ ነኝ፣ ወላሂ።»

ወንድምአገኘሁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ከጫት እንዲላቀቅ… በጫት?»

«በጫት» አለች።

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ። አዲስ ወረቀት አውጥቶ 1 ጻፈበት። «ከነገ ጀምሮ ግቢው አይገቡም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዛሬን ግን ይሥሩ፤ መምህር ሙዓዝ ወገቡን ይዞ ሲጠብቅዎት ነው ያደረው።»

ክፍሏ ገብታ ዘይቱን አሞቀች። በሩ ሲከፈት መምህሩ መስሏት «ሸሚዝህን አውልቅና ተኛ» አለች ሳትዞር። ስትዞር ፍራሹ ላይ በደረቱ የተኛው ሂሻም ነው።

 እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። የቀኙ ከማርሽ ብዛት ደንድኗል፤ አንገቱ ሥር ያለው ጅማት የተወጠረ ገመድ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ አይታለልም፤ ይህ የሦስት ቀን ድካም አይደለም።

«እማ» አለ ፊቱን ፍራሹ ላይ እንደደፋ። «ለምን እንደሸሸሁሽ ታውቂያለሽ? እጅሽ ሁሉን ያውቃል ይላሉ። ሰባ ስድስቱንም ቀን ሲያምረኝ ነው የዋልኩት። አንድም ቀን አልለቀቀኝ። አንቺ ቁጥሩን እያየሽ ደስ ሲልሽ እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው።»

 ሰባ ስድስት ቀን ሙሉ ወረቀት ስታነብ ልጇን አላነበበችም። ያን ሁሉ ውጊያ ብቻውን ተዋግቶ፣ ያሸነፈችው የእናቱ አንዲት የራስ ንቅናቄ ናት። 

«ዝም በል፣ ተኛ» አለችው።

ከአንገቱ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ አንገቱ ወረደች፣ ወጣች። ጣቶቿ ደነዘዙ። «እጅሽ ደክሟል፣ ይብቃሽ እማ» አለ በተኮላተፈ አፍ፤ ከዚያ ትንፋሹ ረዘመና እንቅልፍ ወሰደው። መምህር ሙዓዝ በሩን ገፋ ሲያደርግ ቆይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

እንቅልፍ ያገኘ ሰው ለአንድ ቀን ይታገሳል ብሎ ነበር ነርሱ። የዛሬውን ሰጥታዋለች። ነገ ማን እንደሚያሽለት ግን አታውቅም።