ጸጥ የማይለው ጉድጓድ

እትዬ ሳሙና ታናሽ እህቷን ስትጠራ ድምጿ ይቀየራል። ከእኛ ጋር ስታወራ ድምጿ ሻካራ ነው፤ በአጥሩ ላይ «ሚጣ» ስትል ግን ቀጥኖ ይሰላል። አርባን ያለፈች ሴት ዛሬም ሚጣ ነው የምትባለው። «እኔን ገና እግሬ ሳይጠና እትዬ አሉኝ፤ እሷ ሸብታም ሚጣ ናት» ትላለች እትዬ ሳሙና፣ አንሶላ እየጠመዘዘች። የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ በእኔ እጅ ስለሆነ ንዴቷ እስከ ክርኔ ይደርሰኛል።

ሥራችን የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ ማጠብ ነው። ሳሙና የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። እሷ ትዘፈዝፋለች፣ በበረኪና ታነጣለች፤ እኔ አለቀልቃለሁ፣ አሰጣለሁ። ይህ ሁሉ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ከተማችን ደግሞ ዝናብን በወሬ ነው የምታውቀው። ዳር ላይ ያለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ጎርፍ የመጣ እንደሆነ አንድ ሁለት ቀን ይጮህና ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚኖረው ከመሬት በታች ባለው ውሃ ነው።

አባታቸው ሲሞት ግቢው ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ የብሎኬት አጥር ቆመ። አባትየው በእጁ የቆፈረው አሮጌው ጉድጓድ በሚጣ በኩል ቀረ። እትዬ ሳሙና በራሷ በኩል ጠለቅ ያለ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ሞተርም ገጠመችበት። ሚጣ ሞተር የላትም። በገመድና በባልዲ እየቀዳች ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች።

እና እትዬ ሳሙናን የሚያቃጥላት ነገር ይህ ነው፦ ሞተሩ ከማለዳ ጀምሮ ሲስብ ይቆይና አመሻሽ ላይ ውሃው ይሸሸዋል፤ አየር እየሳበ ያስላል። ከአጥሩ ማዶ ግን የሚጣ ባልዲ አያርፍም። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል።

«ሰማሽ?» ትለኛለች። «የእኔ ሲደርቅ የእሷ ይንቧቧል። አባባ ውሃው የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ለእሷ ውሃውን፣ ለእኔ አሸዋውን።»

«እትዬ፣ ዕጣ አይደል እንዴ የወጣላችሁ?»

«ዕጣም ሚጣን ያውቃታል።»

እንዲህ እያልን ስንኖር የውሃ ቢሮው አንዲት ወጣት ባለሙያ ላከ። ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚል ረጅም ሜትር ይዛ በየግቢው ጉድጓድ ትለካለች። ለእያንዳንዱ ቤት የምትናገረውም አንድ ነው፦ ጥናቱ ሲያልቅ ቢሮው በየትኛው ጉድጓድ ላይ ሞተር እንደሚፈቅድና በየትኛው ላይ እንደሚከለክል ይወስናል። ይህ ለእኛ ቀላል ወሬ አልነበረም። ሞተሩ ከተከለከለ አንሶላ ማጠብ ቀረ ማለት ነው።

ባለሙያዋ እኛ ግቢ ስትመጣ ለክታ ቶሎ ትወጣለች፤ ሚጣ ጋ ስትገባ ግን ትቆያለች። አንድ ጠዋት እትዬ ሳሙና ሳፋውን ገልብጣ በላዩ ቆመችና በአጥሩ አናት ተመለከተች። ባለሙያዋ ጣት የምታህል ብረት በሽቦ አስራ ወደ ሚጣ ጉድጓድ እያወረደች ነበር። «ለሞዴሉ የእርስዎ ጉድጓድ በጣም ተስማሚ ነው» ስትላትም ሰማን።

እትዬ ሳሙና ከሳፋው ስትወርድ ፊቷ ጠቁሯል።

በእኛ ሰፈር ሞዴል ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግቢው የጸዳ፣ ሽንት ቤቱ ክዳን ያለው ቤተሰብ ተመርጦ ሞዴል ይባልና በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሚጣ ሳሎን ውስጥ አንድ ተሰቅሏል። ከጎኑ ደግሞ ልጅ ሆና ሞዴል ተማሪ የተባለችበት አለ፤ እትዬ ሳሙና ትምህርቷን ትታ ከእናታቸው ጋር የሰው ልብስ በምታጥብበት ዘመን የተገኘ።

«አሁን ደግሞ ጉድጓዷም ሞዴል ሊሆን ነው» አለች። «ሞተር የሚፈቀደው ለሞዴሎቹ ነው ማለት ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። እኔም ከአምስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ሌላ ዓይነት ሞዴል መኖሩን አላውቅም ነበር።

ባለሙያዋ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ተመልሳ ልትለካ ነው። ሰኞ ጠዋት እትዬ ሳሙና የሞተሩን ማብሪያ ዘጋችና በላዩ ጨርቅ ጠመጠመችበት።

«ከዛሬ ጀምሮ አይነሳም። ስትመጣ ጉድጓዴ ሞልቶ ይጠብቃታል። ማን ሞዴል እንደሆነ ያኔ እናያለን።»

«አንሶላውስ?»

«አንሶላ የትም አይሄድም።»

አንሶላው የትም አልሄደም፤ ግን በረንዳውን ሞላና ደረጃው ላይ ወረደ። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ መጥቶ ክምሩን አየ።

«እትዬ ሳሙና፣ እንግዶቼን ጋዜጣ ላይ ላስተኛቸው ነው?»

«ጥሩ ነው፤ እያነበቡ ይተኛሉ።»

እኔም የቀን ሠራተኛ ነኝና እሷ ባረፈች ቁጥር የእኔም ድስት ያርፋል። የሰው ቅናት ሲነሳ ከፊቱ መቆም እንደማይጠቅም ካወቅኩ ቆይቻለሁ። እሷ ግን በየቀኑ መስታወት ይዛ ትወጣለች፤ ፀሐዩን በመስታወቱ ወደ ጉድጓዱ መልሳ የውሃውን ፊት ትፈልጋለች። «እየወጣ ነው» ትለኛለች ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ እንደምትፈራ ሰው።

ቀኑ ደርሶ ባለሙያዋ መጣች። ሜትሩን ስታወርድ ከጠበቀችው ቀድሞ ጢጥ አለ። መልሳ ለካች። ከዚያ ወደ ሚጣ ግቢ ሄደች፤ ያችን ትንሽ ብረት አውጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካቻት። ጥቂት ቆይታም ሚጣን አስከትላ ተመለሰች። የሚጣ እጅ ጭቃ ነበር።

«እትዬ፣ ሰኞ ዕለት እዚህ ግቢ ምን ተፈጠረ?» አለች ባለሙያዋ።

«ምንም። ጉድጓዴ ሞላ።»

«ሞተሩን አጥፍተው ነበር?»

እትዬ ሳሙና እኔን አየችኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ። «ትንሽ አሳረፍኩት» አለች። «እሱም እንደ እኔ አርጅቷል።»

ባለሙያዋ ኮምፒውተሩን ማጠቢያ ጠረጴዛችን ላይ ከፈተችው። ከተማችን እንደ ሴራሚክ ወለል በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራርጣ ታየች። በእያንዳንዱ ማዕዘን ስር አሸዋው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ድንጋዩ የት እንደሚጀምር፣ ከጎርፍ ስንት ውሃ ወደ ታች እንደሚሰርግ፣ ሰው ስንት እንደሚስብ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ይህን ይዞ ውሃው ከየት ወደየት እንደሚሄድ፣ ምን ያህልስ እንደሚቀር ያሰላል። ጉድጓዶቹን የምትለካው ስሌቱ ከእውነቱ ጋር መግጠሙን ለማየት ነው።

«ይኸውላችሁ፣ ሞዴሉ ይህ ነው» አለች።

«ይሄ ነው ሞዴሉ?» አለች እትዬ ሳሙና።

«ይሄ ነው።»

«የምስክር ወረቀት የለውም?»

«የምን የምስክር ወረቀት?»

ሚጣ ከንፈሯን ነክሳ ወደ አንሶላው ክምር ዞረች።

«እናንተ ጥግ ላይ ስሌቱ እምቢ ብሎኝ ነበር» አለች ባለሙያዋ። «የሚጣ ጉድጓድ ካሰብኩት በታች ይወርዳል። ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ግን ሞተሩ ለቀናት ካልቆመ በምን ላረጋግጥ? ሥራዎን ያቁሙ ማለት ከበደኝ። እርስዎ ራስዎ አቆሙልኝ።»

በጣቷ አንድ መስመር አሳየችን፤ በየሰዓቱ የተመዘገበ የውሃ ከፍታ ነው። በየጠዋቱ ይወርዳል፣ ማታ ትንሽ ይነሳል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። ከሰኞ በኋላ ግን ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

«የእኔ ነው?» አለች እትዬ ሳሙና ደስ እያላት።

«የእህትዎ ነው፤ ያቺ ብረት የመዘገበችው።»

«የእኔን ሞተር አጥፍቼ የእሷ ወጣ?»

«የሁለታችሁም ወጣ። አንሶላ በአራቱ ጫፍ ወጥራችሁ መሃሉ ላይ ሳሙና ብታስቀምጡ መሃሉ ይሰምጣል፤ ዙሪያውም አብሮት ያዘነብላል። ሞተርዎ ሲስብ ውሃው እንደዚያ ነው የሚሆነው። የእህትዎ ጉድጓድ ያዘነበለው ላይ ነው ያለው።»

እትዬ ሳሙና የጠየቀችው ስለ ውሃው አልነበረም።

«ታዲያ ለዚያ ብረት የእሷን ለምን መረጥሽ?»

«ሞተሩ እያናወጠው የእርስዎ ጉድጓድ ጸጥ ስለማይል ነው።»

ባለሙያዋ ወደፊት ያለውን ዓመትም አስልታ ነበር። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ መጀመሪያ የሚጣ ጉድጓድ ይደርቃል፤ እሱን ተከትሎ የእኛ። ሞተሩ እስከ ቀትር ብቻ ሠርቶ ከዚያ ካረፈ ግን ሁለቱም ይቆያሉ። ቢሮውም ከዚህ በላይ አይፈቅድም አለች፤ ይህንንም የሚፈቅደው የሚጎዳው ጎረቤት ከተስማማ ነው።

የሚጎዳው ጎረቤት ማለት ሚጣ ናት። የእትዬ ሳሙና እንጀራ ሚጣ እጅ ላይ ወደቀ።

«እኔ ተስማምቻለሁ» አለች ሚጣ፣ ጭቃውን ከጣቷ እየጠረገች።

«ቆይ እንጂ» አለች እትዬ ሳሙና። «መጀመሪያ አስቢበት።»

«ምኑን ላስብ?»

«ሰው ትንሽ ያስለምናል። እንዲህ በአንድ ቃል ይባላል?»

ባለሙያዋ ስትሄድ እትዬ ሳሙና እጄን ይዛ ወደ ሚጣ ግቢ ገባች። ከገባችበት ብዙ ጊዜ ሆኗታል። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ገመዱን አነሳች። ላይኛው የአባታቸው የቃጫ ገመድ ነው። በእሱ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተቋጥሯል። በላስቲኩ ላይ ደግሞ የተገመደ ነጭ ጨርቅ፤ የእንግዳ ማረፊያው ማህተም አለበት።

«ይሄ የእኔ አንሶላ ነው» አለች።

«ቀዶ የጣልሽውን ነው ያነሳሁት።»

«መቼ ቀጠልሽው?»

«ላስቲኩን ሞተሩን የገጠምሽ ጊዜ፣ ውሃው ሲርቀኝ። አንሶላውን ዘንድሮ።»

«ሙሉ ቀን ትቀጂ የለ? የሚደርቅ ጉድጓድ እንዲህ ይቀዳል?»

«ባልዲው ግማሹን እንኳ ሳይሞላ ነው የሚወጣው እትዬ። አንዱን ችግኝ ለማጠጣት ስንቴ እንደምጥለው ታውቂያለሽ?»

እትዬ ሳሙና ገመዱን አልለቀቀችም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሞተሩን ታጠፊው ነበር?»

ሚጣ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት፤ ገመዱ የበላው ቦታ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። «እኔ እኮ ሞተርሽ ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር እቀናብሻለሁ» አለች እየሳቀች። «አንዲት ማብሪያ ነክተሽ ውሃው ራሱ ይመጣልሻል።»

ስንመለስ እትዬ ሳሙና በሩ ላይ ቆመች።

«አየሽ ምን እንዳደረገችኝ?»

«ምን አደረገችሽ?»

«በመበደልም ቀደመችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተበደልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን እሱንም ወሰደችው።»

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቀትር ላይ ይጠፋል። ግማሹ ደንበኛ ወደ ሌላ አጣቢ ሄደ፤ እኔም የግማሽ ቀን ሠራተኛ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳሙና ሳፋው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለአጥሩ ትሰጥና ባልዲውን ታዳምጣለች። እንደ ድሮው አይመላለስም። አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከብዶ ይወጣል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል።

«ሙሉ ነው የወጣው» ትለኛለች። «የእኔን ዕረፍት ነው የምትቀዳው።»

ትናንት ሚጣ ከአጥሩ ማዶ ጠራች። «እትዬ፣ ውሃው ስለቀረበ ገመዱን አሳጥሬዋለሁ። ጨርቅሽን እንኪ።» ታጥቦ የደረቀ፣ ተጣጥፎ የተያዘ የአንሶላ ቁራጭ በአጥሩ ላይ መጣ።

እትዬ ሳሙና ገለጠችው። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ጨርቅ ነው፤ የጭቃ ምልክት እንኳ አልነበረበትም። ወደ ፀሐይ አንስታ አገላበጠችው፤ ከዚያ ገመድ ላይ ከሰጣሁት አንሶላ ጎን አስጠግታ ያዘችው፤ ሁለቱን አየች፤ የሚጣው ይበልጥ ይነጣል፤ ፊቷም ጠቆረ።

«በምን አጥባው ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሂጂና ጠይቂያት። እኔ እንደላክሁሽ እንዳትነግሪያት።»