የቀረው አንድ ሰው

ታመነ ከወላይታ መጥቶ ቡራዩ ላይ የእኔ ሚኒባስ ረዳት ሲሆን ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም ነበር። ድምፁ ግን ጉድ ነው። "የቀረው አንድ ሰው!" ይላል፤ ገብተህ ስታይ መኪናው ባዶ። ቸርች የሚዘምር ሰው እንዴት ይዋሻል ብዬ ስቆጣው፣ "ኦቦ ኩምሳ፣ ይሄማ ውሸት ሳይሆን ጥሪ ነው" ይለኛል።

ዘንድሮ ከቡራዩ ሱሉልታ ሰው የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር ተጀመረ። በመኪና አዲስ አበባን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ ግማሽ ቀን የሚበላውን መንገድ ሻይ ሳይበርድ ያደርሳል አሉ። ታመነን አስተናጋጅ አድርገው ቀጠሩት፤ ክራቫት አሰሩት። መጮህ ክልክል ነው፣ በረራው ሞላ አልሞላ በሰዓቱ ይነሳል ተባለ። የመጀመሪያው በረራ ባዶውን ከሄደ ግን መስመሩ ይዘጋል፣ እሱም ይሰናበታል። ሚስቱ ሮዳስ ደግሞ ልትወልድ ደርሳለች።

በዕለቱ ልንሄድ የመጣነው ሁላችን ሄሊኮፕተሩ ከቆመበት ሜዳ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥን። መጀመሪያ ገብቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ እስኪሞላ መጠበቅ ያላንገሸገሸው ማን አለ? ሞላ ሲባል እንነሳለን። ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ጀዋሂርማ ሌላ ሳምቡሳ አዘዙ።

አብራሪው ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ታመነ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እኛን ያያል። አንጀቴን በላው። ድንገት ክራቫቱን ላላ አደረገና ጮኸ፦

"ሱሉልታ! ሱሉልታ! ኮታ! ኑ! የቀረው አንድ ሰው!"

ሻዩ እዚያው ቀረ። ውሸቱን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ተጋፍተን ሮጥን። እትዬ ጀዋሂር ሳምቡሳቸውን እንደያዙ ቀደሙን።

"አንተ ቀጣፊ፣ ባዶ አይደል እንዴ!" አሉ እየሳቁ።

"ይግቡ እትዬ፣ አሁን ይሞላል።"

እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መጨረሻ ደረስኩ። ታመነ በሩን ይዞ ጠበቀኝ። "አንድ ሰው" አለኝ ቀስ ብሎ። አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ እውነትም የቀረው አንድ ወንበር ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ያለ እውነት ነግሮኝ አያውቅም።

በሩን ዘጋና በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። "ሳበው!" ድሮ ይሄን ስሰማ እግሬ ነዳጅ ይረግጥ ነበር፤ አሁንም ረገጠ። አብራሪው ዞሮ አየኝና ሳቀ፤ ተነሳን። እኔም ደስታው አላስችል ብሎኝ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

በመልስ ስናርፍ ታመነ እየሮጠ መጣ።

"ኦቦ ኩምሳ፣ ነገም ጥራ አሉኝ!"

ክራቫቱን ኪሱ ከቶታል። አቅፎ ሳመኝና ወደ በሩ ተመለሰ።

"ሱሉልታ! የቀረው አንድ ሰው!"

ውስጥ ገና ማንም አልገባም።