ቡላና የብሎኬቱ ጋሪ

በልጅነቴ የአባቴ ልብስ ሁሌም የፈረስ ላብ ይሸት ነበር። እናቴ በሳሙና ደጋግማ ብታሸውም ሽታው አይለቅም። እኔ ግን እወደው ነበር። አባቴ ቡታጅራ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ያኔ ባጃጅ እንደዛሬው አልበዛም፤ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መስቃን ገጠር ሰው የሚመላለሰው በጋሪ ነው። የኛን ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ቡላ ይባላል። መልኩም ቡላ፣ ስሙም ቡላ።

አባቴ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም ነበር። አራተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ «ወንድሜ፣ ፈረሱ ሞልቷል» ይላል፤ ጋሪው ሞልቷል አይልም። ሰዎች ይስቁበታል። ዳገት ላይ ራሱ ወርዶ ከቡላ ጎን እያወራ ይሄዳል። ቀትር ላይ ከጋሪው ፈትቶ ዛፍ ጥላ ስር ያቆመውና ፉርሽካ በውሃ በጥብጦ ይሰጠዋል፤ ራሱም እዚያው የዙሁር ሶላቱን ይሰግዳል። በርበሬ ገበያ በሚገባበት ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ሲያስነጥስ ቡላም አብሮ ያስነጥስ ነበር። አባቴ እንደ ሰው «የርሐሙከላህ» ብሎ ይመርቀውና ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

የኔ ሥራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቡላን ጀርባ ማየት ነበር። ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ በእጄ እየዳሰስኩ የተላጠ ነገር ካገኘሁ ለአባቴ እነግረዋለሁ። «አፍ የለውም» ይለኝ ነበር። «አንቺ ካላየሽለት ማን ይነግርለታል?» ሲዳሰስ ቡላ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ትከሻዬ ላይ ይጥላል። ክብደቱ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴን ሆዱን አመመው። ቡታጅራ ታይቶ አዲስ አበባ ተላከና ኦፕራሲዮን ሆነ። እዚያው አክስቴ ቤት ተኝቶ እንዲያገግም ተባለ፤ ከሁለት ወር በላይ ቆየ። ቤታችን የሚበላው ከጋሪው ነውና እናቴ ቡላን ለአክስቷ ልጅ ለከድር ሰጠችው። ከድር ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሚስቱ መንታ ወልዳለች፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ችኩል ወጣት ነበር። ሰው ማመላለስ አያዋጣም ብሎ የጋሪውን መቀመጫ ነቀለና አሸዋና ብሎኬት ማጓጓዝ ጀመረ። ከተማው እየተገነባ ነበር፤ ሥራው ከንጋት እስከ ምሽት አያልቅም።

መጀመሪያ የተለወጠው የቡላ አመጣጥ ነው። ድሮ ግቢያችን በር ላይ ሲደርስ ያሽካካ ነበር፤ ዝም አለ። ቀጥሎ ፉርሽካውን እየተወ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ማሰሪያው በሚያርፍበት ጀርባው ላይ የታሰረለትን ጆንያ ገለጥ ሳደርግ እጄ እርጥብ ነገር ነካ። ገጣባ ነበር፤ መዳፌን ያህላል፤ ዝንብ ሞልቶበታል። ወደ እናቴ ሮጥኩ። እናቴ አየችውና ፊቷን አዞረች። በጨው ውሃ አጠበችለት፤ ከዚያ ክንዴን ይዛ «አባትሽ የተሰፋ ሆድ ይዞ ተኝቷል። ይህን ከሰማ ነገውኑ ተነስቶ ይመጣል። እንዳትነግሪው» አለችኝ። ከድርን ስትለምነው ሰምቻለሁ። «ሁለት ቀን እንኳ አሳርፈው» አለችው። «እኔንስ ማን አሳረፈኝ?» አላት፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ደክሞት።

ዝናብ በጣለ በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። ብሎኬት የጫነ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ፈረሱ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኳል። ከድር በዱላ ጎኑን ይመታዋል፤ ይመታውና ደግሞ በትከሻው ጋሪውን ሊገፋ ይሞክራል፤ እንደገና ይመታዋል። ቡላ ድምፅ አላወጣም። አፉ ላይ አረፋ አለ፤ ዓይኑ ነጩ ብቻ ይታያል። ያን ጊዜ አንደኛዋ ጓደኛዬ ዞር ብላ «የናንተ ፈረስ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። አፍሬ ነው። በማን እንዳፈርኩ ግን ለይቼ መናገር አልችልም፤ በከድር፣ በእናቴ፣ ወይስ ጭቃ ውስጥ በተንበረከከው በቡላ። ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ሰዎቹን አልፌ ሄድኩ። የዱላው ድምፅ ከኋላዬ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተለኝ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ በጎረቤታችን ሞባይል ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል። የእኔን ትምህርት ጠየቀ፣ እንሰታችንን ጠየቀ፣ ከዚያ «ቡላስ? ጀርባውን ታይለታለሽ?» አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አልኩት። «ጎበዝ ልጄ» አለኝ። ያ ሙገሳ እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

አባቴ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከሚኒባስ ወርዶ ቀስ እያለ፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ ገባ። ለእናቴ ሰላምታ ሰጥቶ ሳይቀመጥ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ቡላ ግድግዳ ጥግ ቆሟል፤ የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። «ቡላዬ» ብሎ አንገቱን ሊያሻሸው እጁን አነሳ።

ቡላ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የሚመታ መሰለው። አባቴን ነው የፈራው።

የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ አወረደው። ጆንያውን ገልጦ ገጣባውን አየ፤ ጉልበቱ ላይ ያለውንም አየ። ሳይዞር ጠየቀኝ።

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ጆንያውን መልሶ አለበሰው። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ከድር ማታውኑ መጣና አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆመ። «አጥፍቻለሁ» አለ። አባቴ ገብቶ እንዲቀመጥ ነገረው፤ ስለ መንታዎቹ ጠየቀው። ከሄደ በኋላ ግን እናቴ ወጥ ስታቀርብለት «አማና ነበር፣ አደራ» አላት። «አፍ የሌለው አማና።» እናቴ አለቀሰች፤ እሱም አብሯት አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቡላ ከዚያ በኋላ ጋሪ አልጎተተም። አባቴ ቁስሉን በየቀኑ ያጥብለታል፤ ሳር አጭዶ በእጁ ያጎርሰዋል። ገጣባው ሽሮ ነጭ ጸጉር በቀለበት። ፍርሃቱ ግን አልሻረም። ከሱ አጠገብ እጃችንን ከወገባችን በላይ ማንሳት ትተን ነበር፤ እናቴ ልብስ እንኳ ጓሮ ማስጣት ተወች። እኔ ጀርባውን መዳሰስ ቀጠልኩ፤ ይቆምልኛል፣ ግን ራሱን ትከሻዬ ላይ አልጣለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ተኝቶ አገኘነው። አባቴ ጎረቤት ለምኖ እንሰቱ ዳር ጉድጓድ አስቆፈረለት። ለፈረስ ጉድጓድ ይቆፈራል ወይ ብለው የሳቁም ነበሩ።

አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ፈረስ ዳግመኛ አልገዛም። ያን ጉዳይ አንስተን ተነጋግረን አናውቅም። አንዴ ብቻ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ይቅርታ ልጠይቀው ጀምሬ «ልጅ ነበርሽ» ብሎ አቋረጠኝ። የምፈልገው ይቅርታ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ቡታጅራ በባጃጅ ተሞልታለች። ጋሪዎቹ አስፋልቱን ለቀው ወደ ዳር ዳሩ ሄደዋል፤ ያረጁትንና የቆሰሉትን ፈረሶች ባለቤቶቻቸው ይለቋቸዋል። ወደ ቡኢ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በቀትር፣ መሀል መንገድ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። የመኪናው ንፋስ ከቁስላቸው ላይ ዝንቡን ስለሚያባርርላቸው ነው እዚያ የሚቆሙት። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር በባጃጅ ስናልፍ አንዱ ፈቀቅ ሳይል ቆሞ ጠበቀን። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

«ማሚ፣ የማን ነው?» አለችኝ ልጄ።

ሾፌሩ ሳቅ ብሎ «የማንም አይደለም፣ ሚጣ» አላት፤ መሪውን ጠምዝዞ ሊያልፈው ሞከረ። «አቁምልኝ» አልኩት። ወረድኩ። እጆቼን ዝቅ አድርጌ፣ ፈረሱ እንዲያየኝ ከፊት ለፊቱ ቀስ ብዬ ሄድኩና ከአስፋልቱ ወደ ሳሩ መራሁት። እንደ በግ ተከተለኝ። ተመልሼ ባጃጁ ውስጥ ስገባ ልጄ በኋላ መስኮት እያየች ነበር።

«ማሚ፣ ተመልሶ መንገዱ ላይ ቆመ» አለችኝ።