መሐል ላይ ያለችው ነጥብ

ሰፈርተኛው «ድርብ» ይለዋል፤ ሁለት መነጽር ደርቦ ስለሚሠራ ነው። አንዱ የሩቁ ነው፣ አንዱ የቅርቡ፤ ሁለቱም ግን እንደ ድሮው አያሳዩትም። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ወገቡ የወንበሩን ቅርጽ ይዟል፣ የሠላሳ አምስት ዓመት የብየዳ ጭስ ጉሮሮው ውስጥ ቀርቷል። «ዘንድሮስ ሱቁን እዘጋዋለሁ» ማለት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱ አሁን አሁን «እሺ» እንኳ አትለውም።

የሚጠግነው ሰው የረሳውን ዕቃ ነው፤ ሳንቲም እየጎረሱ ያጫውቱ የነበሩ ማሽኖችን፣ ያውም በመስመር የሚሥሉትን። የእነዚህ ስክሪን እንደ ቴሌቪዥን አይደለም። አንድ የብርሃን ጨረር ብቻውን ወዲያ ወዲህ እየሮጠ መርከቡንም ድንጋዩንም ይሥላል። ጨረሩ እስከሮጠ ድረስ ደህና ነው። ከቆመ ግን፣ ልብስ ላይ እንደተረሳ ካውያ፣ የቆመበትን ቦታ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ውስጡ ጠባቂ አለው፤ ጨረሩ ሲቆም ብርሃኑን ቀድሞ ያጠፋል። ጠጋኝ ብልሽት ሲፈልግ ጠባቂውን በቁራጭ ሽቦ ያስተኛዋል፣ ሲጨርስ ሽቦውን ይነቅላል። «መንቀሉን የረሳ ሰው ጠጋኝ አይባልም» የሚለው ራሱ ድርብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጨዋታ አዳራሹ ባለቤት አንድ ማሽን በጋሪ አስገፍታ መጣች። ገና በሩ ላይ አወቀው። ስክሪኑ መሐል የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ተቀምጦ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ነጥቧ ትኑር፣ ግድ የለም። ብቻ ይሥራልኝ።»

«ይሠራል» አላት።

ያቺ ነጥብ ናት ከታናሽ ወንድሙ የለየችው። ያኔ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ብልሽት የሚያውቅ፣ እጁ የተባረከ ነበር። ማሽኑን ጠግነው አዳራሹ ውስጥ ተከሉትና፣ ድርብ ራሱ ዕቃ ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ወንድሙም የብርሃኑን ማዞሪያ ይዞ ቆሟል። ተጫዋቾቹ ደበዘዘብን ስላሉት ትንሽ ጨምሮላቸው ነበር። «እጅህን ይቁረጠው! ሁለተኛ ዕቃዬን እንዳትነካ!» አለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ማሽኑን ከፍቶ ማየት እንኳ ከቁጣው የተነሳ ትዝ አላለውም። ልጁ መፍቻዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሄደ፣ የአውቶቡስ ሹፌርም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶና ሠርግ ላይ ይገናኛሉ፤ «ደህና ነህ?» «ደህና» ተባብለው ይለያያሉ።

ድርብ ደግሞ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ባይ ነው። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ምን ይደረጋል!

ማክሰኞ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሰሌዳ ለመቀየር ማሽኑን ፈታው። የእነዚህ ማሽኖች በሽታ ድሮም እዚያ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን አይጠግንም፣ ብዙ የማይሞቅ የራሱን ሥራ ይተካበታል። አሮጌውን ሲያነሳው ከሥሩ ጠባቂው ታየ። እላዩ ላይ ቀይ ቁራጭ ሽቦ ተበይዶበታል፤ ጫፉ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል።

ሁለቱንም መነጽር አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ሽቦ ሦስት ጊዜ የሚጠመጥም ሰው ከራሱ በቀር አያውቅም። ወንድሙ «ጋሼ፣ ሽቦ እኮ ነው፣ በሬ አይደለም የምታስረው» እያለ ይቀልድበት ነበር። እንግዲህ ያን ቀን ጨረሩ ሲቆም ጠባቂው ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ብርሃኑ ተጨመረ አልተጨመረ፣ ስክሪኑ መቃጠሉ አይቀርም ነበር።

ክው አለ። ከዚያ ድካሙ መጣ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ባንድ ጊዜ። ሽቦውን ነቅሎ ቢጥለው የሚያውቅ የለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ መቁረጫውን አንስቶም ነበር፤ ሚስቱ ምሳውን ይዛ ገባች።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ፊትህ ዐመድ መስሏል።»

«እኔ ነበርኩ» አላት።

ነጥቧን አየች፣ ሽቦውን አየች። የጠጋኝ ሚስት ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገም። «እንግዲያ ደውልለታ» አለችው።

ወንድሙ ሐሙስ ከፈረቃው ሲወጣ የሹፌር ሸሚዙን እንደለበሰ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። ድርብ ሲያጠናው የሰነበተው ንግግር ሁሉ ጠፋበትና ባትሪ አብርቶ አሳየው። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ጥምጥሙን በጣቱ ቆጠረ።

«ሦስት ጊዜ» አለ።

«አዎ። የረሳሁት እኔ ነኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም። ይቅር በለኝ።»

ድርብ ቁጣ ነበር የጠበቀው፤ ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«እኔ እኮ አምኜ ነበር፣ ጋሼ» አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብዬ። የቤቴን ቴሌቪዥን እንኳ ልጆቹ ናቸው የሚያስተካክሉት። እኔ አልነካውም።»

ይህን ድርብ በሕልሙም አላሰበውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፎኛል ሲል፣ ልጁ ለካ አፍሮ ኖሯል። ድርብ አለቀሰ፤ በሁለት መነጽር ሥር ማልቀስ ደግሞ አይመችም።

ቀዩን ሽቦ ነቅለው ማሽኑን አብረው ገጠሙት። ሲከፍቱት መስመሮቹ መጡ፤ ደብዘዝ ያሉ፣ ግን ቀጥ ያሉ። መርከቧ ነጥቧ ላይ ስትደርስ ትሰወርና በወዲያኛው በኩል ትወጣለች።

«ደብዝዟል» አለ ድርብ። «ጨምረው እስቲ።»

ወንድሙ እጁን ወደ ማዞሪያው ሰደደ። ሳይደርስ አቆመውና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«አንተው ጨምረው ጋሼ» አለ።