የዓሣዎቹ እርሾ

አማቴ ባለፈው ክረምት እምድብር አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለቤቴ ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ፣ ሌላ ክረምት እዚያ ጭቃ ውስጥ ብቻቸውን እንዳያሳልፉ ብላ ሄዳ፣ ለምና፣ አልቅሳ ወደ ቡታጅራ አመጣቻቸው። ያመጣቻቸው ግን ሶፋ ላይ ልታስቀምጣቸው ነው። እጃቸው እንዳይታመም ብላ ማንኪያ እንኳ እንዳያጥቡ ከለከለቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ የኖሩ ሴት ሁለት ሳምንት ቴሌቪዥን ሲያዩ ከረሙና፣ በመጪው እሁድ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ አሉ።

«እንግዳ አደረጋችሁኝ» አሉ፤ ሌላ ቅሬታ አልነበራቸውም።

ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ሳስብ ዓይኔ ያረፈው በዓሣዎቼ ላይ ነው።

ሳሎናችን ውስጥ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሚሆን የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለኝ። አራት ዓመት ሆኖታል። ውስጡ ዕፅዋት በቅለውበታል፤ በመካከላቸው ጅራተ ሰፊ ትንንሽ ዓሣዎች ይሽሎከሎካሉ። አማቴ በመጡ ቀን አይተውት፣ እነዚህ መቼ አድገው ነው የሚበሉት ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከታች የተነጠፈው ጠጠር ግን አርጅቷል፤ በመካከሉ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶ ዕፅዋቱም ወይበዋል። አዲስ አሸዋ ባነጥፍበትና ቢያምር አማቴ እሱን እያዩ ጊዜው ይገፋላቸዋል፣ መሄዱንም ይረሱታል አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲመጣልኝ ማንንም አላማክርም።

ሐሙስ ዕለት በቆሼ በኩል ከሚመጣው የግንባታ አሸዋ አንድ ጆንያ ገዛሁ። እንዴት እንደሚሠራ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ተመልክቻለሁ፤ ሰውየው ወሬ ስላበዛ እየዘለልኩ ነው ያየሁት። ዓሣዎቹን ከገንዳው ውሃ ጋር ባልዲ ውስጥ አደረግኋቸው። ዕፅዋቱን ነቅዬ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለልኩ፤ ጠጠሩን በሳህን እየዛቅሁ አወጣሁ። ልደፋው ስል አማቴ ከሶፋው ተነስተው ያዙኝ። ለጓሮው ጎመን ይሆናል ብለው ከነውሃው በሳፋ አስቀመጡት። ለእኔ ግን ያ ቆሻሻ ነው። አዲሱን አሸዋ ውሃው እስኪጠራ ሰባት ስምንት ጊዜ አጠብኩት። የገንዳውን ውሃ ማጣሪያ ስፖንጅ ሳይቀር ቧንቧ ሥር ፈተግሁት። ዕፅዋቱን መልሼ ተከልኩ፣ ሳህን አስቀምጬ አሸዋው እንዳይነሳ በላዩ ውሃ ቀስ እያልኩ ሞላሁና ዓሣዎቹን መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሞተው ተንሳፈዋል። የቀሩት ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ያለከልካሉ። እኔ መጀመሪያ አሸዋ ሻጩን ረገምኩ፤ ቀጥሎ የቧንቧውን ውሃ፤ ከዚያ ቪዲዮ ያሳየኝን ሰውዬ። አማቴ ለነገ መንገዳቸው ልብስ ሲያጥፉ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ገንዳውን ትኩር ብለው አዩት።

«እርሾውስ?» አሉኝ።

የምን እርሾ አልኩ፤ ዓሣ ሊጥ እንዳልሆነም ላስረዳቸው ጀመርኩ። ታግሠው አስጨረሱኝ። ከዚያ እሳቸው አገር አዲስ ቆጮ ሲቀበር ከከረመው ቆንጠር ተደርጎ እንደሚለወስበት ነገሩኝ። እሱ ካልገባበት አዲሱ ይበላሻል እንጂ አይደርስም።

«አራት ዓመት የከረመውን አውጥተህ ጣልክ። የታጠበ አሸዋ ምን ያውቃል?»

ልከራከራቸው ስልኬን አነሳሁና የዘለልኩትን ክፍል ከፈትኩ። ሰውየው ለካ ይህንኑ ነበር ሲያወራ የቆየው። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚኖሩት አሮጌው ጠጠርና ስፖንጁ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ከታጠበ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። በጣም አፈርኩ።

ደግነቱ ዝናቡ ስላላቆመ ጎመኑ ላይ አልተደፋም ነበር፤ ሳፋው እንደነበረ ነው። ባለቤቴ አሮጌ ስቶኪንግ አመጣች። አማቴ ጠጠሩን እያፈሱ ሞልተው አሰሩት፤ ገንዳው ጥግ አስቀመጥነው። በርሜል ውስጥ ከርሞ የቧንቧ መድኃኒት ሽታው በወጣለት ውሃ ግማሹን ቀየርን። ባለቤቴ ደጋግማ እጅሽን እያለች ብትለምናቸው አልሰሟትም። የዓሣዎቹንም ምግብ ከእጄ ተቀብለው፣ እኔ እንደማበዛ ነግረውኝ፣ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

እሁድ ሆነ። መናኸሪያ ልሸኛቸው ተዘጋጅቼ ስወጣ ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ይሻላቸውና እሄዳለሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶፋው ላይ አላየናቸውም። በየጠዋቱ አንድ ባልዲ ውሃ ይቀይራሉ፤ ዓሣዎቹን ይቆጥራሉ፤ ሌሎቹን የሚያባርረውን አንዱን ጉልቤ በጉራጊኛ ይቆጡታል። ጓሮው ገቡ፤ ወጥ ቤቱንም ተረከቡ። እጃቸውን አመመኝ ሲሉ አልሰማሁም። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትጨነቅ ቆይታ በኋላ ተወቻቸው፤ እንዲያውም የሚላጠውን ሽንኩርት ራሷ ታቀብላቸው ጀመር።

ዓሣዎቹ ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው አገገሙ። ዕፅዋቱ አዲስ ቅጠል አወጡ። እንዲያውም አንዷ ወለደችና ዓሣዎቹ ከበፊቱም በዙ። እኔና ባለቤቴ ግን ስለዚህ ጉዳይ በቤቱ ውስጥ ትንፍሽ አላልንም።

ነሐሴ ገብቶ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ገንዳውን እያዩ ቆሙ። ዓሣዎቹ ሆዳቸው ተወጥሮ በምግቡ ይራኮታሉ።

«ገና ናቸው» አሉ። «እስከ መስቀል ቆይቼ አብረን አገር ቤት ብንሄድ ይሻላል።»

ባለቤቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አልኩ። «ዓሣዎቹ በጣም ደክመዋል።»