የጋዲሴ እንግዶች

ጋዲሴን ቀና ብላ ስትሄድ ያያት ሰው ጉራራ ሰፈር ውስጥ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ እያወረደች ስትሸጥ ኖራ፣ ሸክሙን አራግፋው እንኳ ወገቧ እንደጎበጠ ቀረ። ባሏ ዱሬሳ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ ካራ አካባቢ ናዳ ተጭኖት ሞተ። የወለደቻቸውም አላደጉላትም። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል፤ ጋዲሴ ግን ለሕልሙም ጊዜ አልነበራትም። ጠዋት ሽቅብ፣ ከቀትር በኋላ ቁልቁል፤ ያውም የጫካው ጥበቃዎች ሸክሟን ካልነጠቋት።

እንዲህም ሆና ቤቷ የገባ ሰው ባዶ አፉን አይወጣም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ጎረቤቷ ገላው ነው። ገላው የእድሩ ዳኛ ነው፤ ዱሬሳንም አስተባብሮ ያስቀበረው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ ለእድር ጉዳይ ጎራ ቢል የተቀቀለ ድንች አቀረበችለት። ቤቱ ውስጥ ከዚያ ሌላ የሚላስ የሚቀመስ እንደሌለ እያወቀ በላ። ምን ያድርግ? አልበላም ቢል እንደ መስደብ ነው።

ወረዳው ሠርተው መብላት ለማይችሉ፣ ጧሪም ለሌላቸው አረጋውያን በየወሩ ድጎማ ሊሰጥ ነው የተባለ ጊዜ የጋዲሴን ስም ያስገባው ራሱ ገላው ነው። በዚያ በጋ ሸክም እንዳዘለች ሁለቴ ወድቃለች። ድጎማውን ካላገኘች ጫካው እንደሚበላት አልጠፋውም። መጀመሪያ ግን ኮሚቴ ቤት ለቤት ዞሮ ድህነትን በዓይኑ ማየት ነበረበት። የኮሚቴው አባላት ከወረዳው የተላከችው ወጣት ነፃነት፣ በጡረታ የተገለለው የታሪክ አስተማሪ ሕሩይና የነዋሪው ተወካይ ገላው ናቸው።

ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ገላው ከቤቱ ሲወጣ፣ የጓሮ ጎረቤታቸው አሳየች ባለ አበባ የአልጋ ልብስና ምንጣፍ ታቅፋ ወደ ጋዲሴ ቤት ስትገባ አያት። ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎችም በፌስታል አንጠልጥላለች።

“ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ይበሏት” አለች አሳየች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ሰዎቹ የሚመጡት እኮ ችግርሽን ሊያዩ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ። ‘የመንግሥት ሰው ደጄን ረግጦ ባዶ ቤት ሊያይ?’ ትላለች። አላውስም እንዳልል ደግሞ ቅር ይላታል።”

“ተያት፣ እኔ አለሁ አይደል” አላት ገላው።

ሦስቱ ሲገቡ ጋዲሴ ለእንጦጦ ማርያም ንግሥ ብቻ የምታወጣትን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው። ምንጣፉ የአፈሩን ወለል ሸፍኖታል። የጭቃው መደብ ባለ አበባውን ልብስ ለብሶ ሶፋ መስሏል። ግድግዳው የተቦረቦረበት ቦታ ላይም መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ዳቦ ተቆረሰ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ።

ሕሩይ እንቁላሉን እየላጠ ጨዋታ ጀመረ። ይህን ሰውዬ አስተምር ካሉት አያቆምም።

“እንግሊዞችም እኮ ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ነው የጀመሩት። ሰባ ዓመት ለሞላው ድሃ ከፖስታ ቤት ጡረታ ይሰጡት ጀመር። ከዚያ በፊት ስንቱ ሽማግሌ የድሆች ማደሪያ ገብቶ ከመዋረድ በረሃብ መሞትን ይመርጥ ነበር መሰላችሁ!”

“ውይ፣ እነሱም ሰው ናቸው ለካ” አለች ጋዲሴ። “ብርድ አገር ነው ሲሉ እሰማለሁ። እንጨቱን ማን ያወርድላቸዋል?”

ሁሉም ሳቁ። ሕሩይ ሁለተኛውን እንቁላል አነሳ። ይህን ሁሉ ታሪክ ሲያወራ አጠገቡ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ልብ አላለም።

“እማማ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለች ነፃነት። “የሚቸግርዎት ነገር አለ?”

“ምን ይቸግረኛል፣ ተመስገን! ብቻ እናንተ ብሉልኝ።”

“ይሄ የቤት ዕቃ ሁሉ የራስዎ ነው?”

ጋዲሴ ገላውን አየችው። “ታዲያ የማን ሊሆን ነው?” አለች ዓይኗን ሳትነቅል።

ገላው ብርጭቆው ላይ አቀረቀረ። በአሳየች ልጅ ክርስትና ላይ የጠጣበት ብርጭቆ ነው። የውሰት ነው ማለት አሮጊቷን በእንግዳ ፊት ልብሷን መግፈፍ ሆነበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ሻዩን ጠጣ። ውጭ ስንወጣ ለነፃነት እነግራታለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ውጭ ሲወጡ የነፃነት ስልክ ጮኸ፤ ቀጥሎም ሌላ ቤት ገቡ። ከኋላ መናገሩ ደግሞ ሐሜት መሰለው። ምክንያት ለፈለገ ሰው ምክንያት መች ይጠፋል!

በስብሰባው ዕለት ነፃነት “እማማ ጋዲሴ ከሌሎቹ ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ለባሰበት ይድረስ” አለች። ሕሩይ ደግፎ እጁን አወጣ። እስከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ አሁን ቢናገር ምን ይሉኛል ብሎ ገላውም አወጣ።

ወሬውን ያደረሰላት እሱ ነው።

“ይሁን፣ ለባሰበት ይድረስ” አለች ጋዲሴ። “ቤቴን ግን ወደዱልኝ አይደል?”

“ወደዱት” አላት።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አፈሩን ጭቃ ባደረገበት ቀን፣ ከጫካ ሳትመለስ ዋለች። እንጨት ለቃሚ ጓደኞቿ ቁልቁለቱ ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ ሸክሟ ከላይዋ ሳይወርድ አገኟት። የታሰረበት ገመድ አልተፈታም ነበር።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ነፃነት ለቅሶ ልትደርስ መጣች፤ ዝናቡ ሲበረታ ገላው ወደ ቤት አስገባት። ወለሉ አፈር፣ መደቡም ራቁቱን ነው። በተቦረቦረው ግድግዳ ንፋስ ይገባል። ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች።

“ጋሼ፣ ዕቃቸው የት ሄደ?”

“የአሳየች ነው። ያን ቀን ተውሳው ነበር።”

“ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ገበናዋ ነበራ፣ ልጄ” አለ ገላው። እንባው የሸበተ ጢሙን አራሰው።

ለለቅሶተኛው ሻይ የምታድለው አሳየች በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አለች። ከዚያ ወርቃማ ጠርዝ ካላቸው ብርጭቆዎች አንዱን ሞልታ ሰጠችው።

አልጠጣም ማለት ነውር ነው። ገላው ተቀብሎ ጠጣ።