ዝም ያሉት ይቅደሙ

ሲስተር የብርጓል ሰርግ ስትጠራ መጀመሪያ የምታየው ሙሽሮቹን ሳይሆን የዳሱን መውጫ ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለች ጤና ጣቢያ ስትሠራ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰዉ «ክፉ አሳቢ» ይላታል፤ እሷም አትክድም።

እንዲህ ያደረጋት ከአምስት ዓመት በፊት የነደደ የሰርግ ዳስ ነው። በአንድ ከሰዓት አሥራ አራት ሰው ቃጠሎው ላይ ቅቤና ሊጥ ተቀብቶ በቃሬዛ መጣላት። በእጇ የነበረው ግሉኮስ ለአራት ሰው እንኳ አይበቃም። የሚጮኸውን ሁሉ ስታክም፣ ጥግ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ውሃ ለመነቻት። «መጣሁ፣ እህቴ» አለቻት። ስትመለስ ሴትዮዋ አልፋለች። ቃጠሎው ጠልቆ የገባበት ሰው ብዙ እንደማይጮህ ተምራ ነበር፤ ያን ቀን ጩኸቱ አስረሳት። ዛሬም ድረስ ይቆጫታል።

ዘንድሮ ያ ቀን ተመልሶ እየመጣ ይመስላታል። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ሕመምተኛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው የቃሬዛ ማኅበር ሊቀመንበር እንዳላማው በበርሜል እያስመጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ለባጃጆች ይቸረችራል። በርሜሎቹን ያስቀመጠው ደግሞ ለሚካኤል ንግሥ ድግስ ከሚጣለው ዳስ ጀርባ ነው። በዳሱ አምስት መቶ ሰው ይበላል፤ አጠገቡ ወጡ በእንጨት እሳት ይሠራል። ሦስት ጊዜ ለመነችው። «ሟርትሽን ተይው፣ ሲስተር። ሚካኤል ይጠብቀናል» ብሎ ሳቀባት። ንግሡ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በርሜሉን ማስነሣት ቢያቅታት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ለምና የቃጠሎ አደጋ ልምምድ አሰናዳች። አሥር ሰዎች እንደ ቁስለኛ ሣሩ ላይ ተኙ። ቀይ ጨርቅ እጁ ላይ የታሰረለት ቀድሞ ይነሣል፤ ነጭ የታሰረለት ይጠብቃል። አምቡላንሱ አንድ ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውም ሁለት ሰው ብቻ።

«ጩኸቱን አትስሙ፤ ጨርቁን እዩ» አለቻቸው ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን። የእንዳላማውን ሚስት እስከዳርን ቀይ አስራ፣ «ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ አስተኛቻት።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ነጭ ታስሮላቸው «ኧረ ነደድሁ!» እያሉ ጮኹ፤ ሳቃቸውም መጣ። እንዳላማው ከነሰዎቹ ተንጋግቶ እሳቸውን አነሣ። መሪጌታ መሬት ላይ ተኝተው ማን ሊቀድማቸው? ቀጥለው የደብሩን አስተዳዳሪ አነሡ፤ እሳቸውም ነጭ ናቸው።

«ሞላ፤ አምቡላንሱ ሄደ» አለች የብርጓል። «እስኪ ማንን ትተህ እንደሄድህ ዞር ብለህ እይ፣ እንዳላማው።»

ዞረ። እስከዳር ዓይኗን ጨፍና እንደተኛች ናት።

«መኪናው ደርሶ እስኪመለስ አልቆየችልህም» አለችው። «ሞታለች።»

እንዳላማው ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?» እያለ ሄዶ ተንበረከከ። «በይ ተነሺ፣ አልቋል።»

አልተነሣችም። ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት። ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ ከበባቸው፤ የብርጓልም ሳታስበው ወደ እሷ ሮጠች።

«እስከዳር! እስከዳር!» አለ እንዳላማው።

«በርሜሎቹ ከዚያ ሳይወጡ አልነሣም» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።